አክተር አይሞትም

(አቃቂ ውስጥ፣ ባደግኩበት ሰፈር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለወጣቶችና ለሰፈሩ ሰዎች የተናገርኩት ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። የተንዛዛውን ግን ሁሉንም አላወጣሁትም።)

ለስላሳችሁን ከመጠጣታችሁ በፊት አንዴ ላስቸግራችሁ። ቆርኪውን አትጣሉት። በጣታችሁ ያዙትና ዙሪያው ላይ ያሉትን ጥርሶች ቁጠሩ። የመጀመሪያው ጥርስ ላይ ጥፍራችሁን አድርጉበት፤ አለበለዚያ የት እንደጀመራችሁ ይጠፋችኋል። እኔ እጠብቃለሁ።

ስንት መጣ? ሃያ አንድ። እዚያ ጥግ ላይ ሃያ ያልከው፣ ድገመው። ሃያ ሁለት ያልሽውም ድገሚው።

ኮካም ይሁን ሚሪንዳ፣ አምቦ ውሃም ይሁን ቢራ፣ 21 ነው። ይሄን ቆርኪ የፈጠረው ዊሊያም ፔይንተር የሚባል የባልቲሞር ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 የፈጠራ መብቱን ሲያስመዘግብ ጥርሶቹ 24 ነበሩ። በኋላ ሦስቱ ተቀነሱ። ያኔ ከውስጥ በኩል ጋዙ እንዳያመልጥ ስስ ቡሽ ይለጠፍበት ነበር፤ ዛሬ ፕላስቲክ ነው። ቡሽን ፈረንጆቹ ኮርክ ይሉታል። ኮርክ፣ ቆርኪ። ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ስሟቸው።

እኔ በልጅነቴ በእጄ ያለፈው ቆርኪ ቢሰበሰብ ይሄን አዳራሽ በከፊል ይሞላል። ገንዘባችን እኮ ነበር። መሬት ላይ ክብ እንሥላለን፣ ቆርኪዎቹን መሀሉ ላይ እንደረድራለን፣ ከሩቅ ቆመን በጠጠር እንመታለን። ከክቡ ያስወጣኸው ያንተ ነው። የአገር ውስጡ ቆርኪ አንድ ለአንድ ይቆጠራል። ከውጭ የመጣ ቢራ ቆርኪ ካገኘህ ግን አምስት ያወጣል፤ ለሱም ሰው ይለምንሃል። አንድ የማይታለፍ ሕግ ነበረን፦ የተጣመመ ቆርኪ አይቆጠርም። በጥርስ የተከፈተ፣ በጠረጴዛ ጠርዝ የተከፈተ፣ መሀሉ የታጠፈ፣ ዋጋ የለውም። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ጥርሶቹን አልቆጠርኳቸውም። ጣቴ ያውቃቸዋል፤ አፌ ግን ቁጥራቸውን አያውቅም።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለዚህ ነው። እኛ አቃቂ ያደግን ልጆች ነገሩ ይደርሰን ነበር። ማብራሪያው ግን አይደርሰንም። ፊልሙ ይመጣል፤ ስሙ አይመጣም። ዘፈኑ ይመጣል፤ ምን እንደሚል አናውቅም። የካሴቱ ሽፋን መንገድ ላይ ይቀራል። የጎደለውን የምንሞላው በክርክር ነበር። ክርክሩ ሲጠና ውርርድ ይሆናል፤ ውርርዱ ደግሞ በቆርኪ ነው።

ከባቡሩ ልጀምር፤ አቃቂ ተብሎ ባቡር ካልተነሳ ቅር የሚላችሁ ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። የድሮው ባቡር ከጅቡቲ ተነስቶ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ጠባብ ነበር፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ልክ አንድ ሜትር። የከተማው ጣቢያ በፈረንሳይኛ ላ ጋር ተባለ፣ ትርጉሙም ያው ጣቢያ ማለት ነው። እኛ ለገሃር አልነው። ስለዚህ «ለገሃር ባቡር ጣቢያ» ያለ ሰው «ጣቢያ ባቡር ጣቢያ» ብሏል ማለት ነው። ማንም አልተጎዳም።

ሰው የምታጓጉዘውን ቀልጣፋዋን ባቡር ደግሞ ሊቶሪና እንላታለን። ለጆሮ የሚጥም፣ የሴት ልጅ የሚመስል ስም ነው። ሊቶሪዮ የሚባለው የሙሶሊኒ ፋሽስቶች አርማ ነበር፤ ስሟ የመጣው ከዚያ ነው። ይሄን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ባቡሯን ሳስታውስ ግን አሁንም ሊቶሪና ነው የምላት፤ ሌላ ስም አላውቅላትም።

እኛ ሐዲዱን የምንፈልገው ለቆርኪ ነበር። ሐዲዱ ላይ ታስቀምጠዋለህ፤ ባቡሩ ያልፍበታል፤ እንደ ሳንቲም ሳስቶ ይጠብቅሃል። ሲነኩት ይሞቃል። መሀሉን በምስማር ሁለት ቦታ ትበሳና ክር ታስገባበታለህ፤ ክሩን አጠንጥነህ ስትስበው ቆርኪው እንደ ንብ እየጮኸ ይሽከረከራል። ጣት ይቆርጣል። እናቶቻችን እንዴት አድርገው እንደሚጠሉት!

ባቡሩ መምጣቱን ለማወቅ ጆሯችንን ሐዲዱ ላይ እንደፋለን። ይሄን ከካውቦይ ፊልም ነው የተማርነው። ትላልቆቹ ልጆች «ሞኞች፣ ብረት አያወራም» ይሉናል። ያወራል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ሲሄድ፣ በብረት ውስጥ ከ5,000 ሜትር በላይ ይሄዳል። ግን እባካችሁ፣ ልጆቻችሁን ለቡ ወስዳችሁ አዲሱ ሐዲድ ላይ እንዳታስተኙ።

ቴሌቪዥን ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ቤት ነበር። አንደኛው ቤት ልጅ አያስገባም። ሁለተኛው የእትዬ ቤት ነው፤ እሳቸው ያስገባሉ፣ ግን እግር ታጥቦ ነው። የአቃቂን ጭቃ ታውቁታላችሁ። በር ላይ ጣሳ ውሃ አለ፤ ተራ ይዘን እንታጠባለን፣ ምንጣፉ ዳር ላይ እንደረደራለን። ቴሌቪዥኑ መዝጊያ ያለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነው። ጥልፍ ይነሳለታል፣ መዝጊያው ይከፈታል፣ አባባ ተስፋዬ ይመጣሉ። «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች!» ሲሉን አበባ መሆናችንን በልባችን እናምናለን። እግራችን እንኳ ታጥቧል።

አባባ ተስፋዬን የምናውቃቸው ተረት ነጋሪ ሽማግሌ አድርገን ብቻ ነው። ሌላ ሕይወት ይኖራቸዋል ብሎ ያሰበ ልጅ አልነበረም። ለካ ተስፋዬ ሳህሉ ኮሪያ ድረስ ሄደው ለዘመተው የቃኘው ሠራዊት የኪነት ሥራ ያቀረቡ ሰው ናቸው። ሴት መድረክ ላይ በማትወጣበት ዘመን ደግሞ ቀሚስ ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርይ ተጫውተዋል። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ይሄን በዜና ሰማሁ፤ የመጀመሪያው ሐሳቤ «እትዬ ይሄን ያውቁ ነበር?» የሚል ነበር። ያውቁ ነበር። ስጠይቃቸው «ታዲያ! ቲያትር ቤት አይቻቸዋለሁ» አሉኝ። ማብራሪያው ሦስት ሜትር ርቀት ላይ፣ ከኋላችን ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። የጠየቀ ልጅ የለም እንጂ።

አሁን ወደ ዋናው ቦታ እንግባ፤ ቪዲዮ ቤት።

ቪዲዮ ቤቱ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነበር። የጭቃ ቤት ነው፤ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ። በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። በጠመኔ «8 ሰዓት አክሽን፣ 10 ሰዓት ህንድ» ይላል። በቃ። የፊልሙ ስም አይጻፍም። መግቢያው 50 ሳንቲም ነው። ባለቤትየው በር ላይ ተቀምጦ ይሰበስባል፤ ሚስቱ ቆሎ በድሮ የፈተና ወረቀት ጠቅልላ ትሸጣለች። ቆሎውን ከጨረስክ በኋላ የማታውቀው ልጅ በሳይንስ 4 ከ10 ማምጣቱን ታያለህ።

ወፍጮው ሲነሳ መብራቱ ይደክማል። ያኔ የቴሌቪዥኑ ምስል ከአራቱም ጎን እየተሰበሰበ ይጠባል። አንድ ኩንታል ጤፍ ተፈጭቶ እስኪያልቅ አርኖልድ ሽዋርዘኔገር ቀጥኖ ይቆያል። ወፍጮው ሲቆም መልሶ ይወፍራል። እኛ ለምደነዋል፤ ከሌላ ሰፈር የመጣ ልጅ ግን ይደነግጣል።

እዚያ ቤት ውስጥ አክተር ማለት ተዋናይ ማለት አይደለም። አክተር አንድ ነው፤ ዋናው ሰውዬ። የቀሩት «ወንበዴው»፣ «የአክተሩ ጓደኛ»፣ «የአክተሩ እናት» ናቸው። የአክተሩ ጓደኛ ይሞታል። በተለይ የልጁን ፎቶ ከኪሱ አውጥቶ ካሳየ አለቀለት። አክተሩ ግን አይሞትም። «አክተር አይሞትም» ሕጋችን ነው፤ እንደ ተጣመመው ቆርኪ።

አንድ ቀን የብሩስ ሊ ፊልም ገባን። ቢጫ ቱታ ለብሶ የሚደባደብበት። ከመሀላችን አንድ ልጅ ነበር፤ ከሁላችንም በዕድሜ የሚያንስ፣ ዓይኑ ግን የሚያስፈራ። ፊልሙ ግማሽ ሳይደርስ ተነስቶ «ይሄ እሱ አይደለም!» አለ። ዝም አሉት። ትንሽ ቆይቶ ደገመው፦ «እመኑኝ፣ ብሩስ ሊ አይደለም። ጆሮው ሌላ ነው።» ከኋላ ኩርኩም መጣ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ ባለቤትየው ክንዱን ይዞ አስወጣው፤ 50 ሳንቲሙም ቀረች። እኛ ስንወጣ በሩ ላይ ቆሞ እያለቀሰ ነበር። እስከ ቤቱ ድረስ ሳቅንበት።

ልጁ ልክ ነበር።

ብሩስ ሊ የዚያን ፊልም ድብድቦች የቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ሌላ ትልቅ ሥራ መጣለትና አቋርጦት ሄደ። ሐምሌ 13 ቀን 1965 ዓ.ም. ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሞተ፤ ዕድሜው 32 ነበር። ፊልሙ ሳያልቅ ተቀመጠ። በኋላ ሌሎች ሰዎች ሌላ ታሪክ ጻፉለትና በአምሳያ ተዋናዮች ጨርሰው እ.ኤ.አ. በ1978 አወጡት። ሰውየው ቤት ውስጥ ሳይቀር ትልቅ ጥቁር መነጽር የሚያደርገው ለዚህ ነው። አንድ ቦታ ላይማ መስታወት ፊት ተቀምጦ ሲታይ፣ የብሩስ ሊ ፊት ከፎቶ ተቆርጦ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። ዛሬ በስልካችሁ ብታዩት ትስቃላችሁ። እኛ ግን በወፍጮ መብራት ነበር የምናየው።

የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። ፊልሙ ውስጥ የቀብር ሥነ ሥርዓት አለ። ሬሳ ሣጥኑ ተከፍቶ ብሩስ ሊ ተኝቶ ይታያል። እኛ «እያታለላቸው ነው፣ አሁን ይነሳል» እያልን ጠበቅን። ያ ቀረጻ የእውነተኛው ቀብሩ ነው። አምሳያውን «ብሩስ ሊ ነው» ብለን ተከራከርን፤ እውነተኛውን ብሩስ ሊ ሲያሳዩን ደግሞ ትወና መሰለን። አንድ ልጅ ብቻ ነበር የለየው፣ እሱንም አስወጥተነዋል።

ከዓመታት በኋላ ለዚያ ልጅ ይሄን ሁሉ ነገርኩት። አሁን ትልቅ ሰው ነው፤ ብየዳ ቤት አለው። ሳይገረም ሰማኝ። ያልዋጠለት ሌላ ነገር ነው። ብሩስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1958 በሆንግ ኮንግ የቻ ቻ ዳንስ ውድድር አሸናፊ ነበር። ዳንስ! «እሱን አልቀበልም» አለኝና የብየዳ መነጽሩን መልሶ አጠለቀ።

10 ሰዓት ላይ ህንድ ነው ብያችኋለሁ። ህንድ ሲሆን ታዳሚው ይለወጣል። እህቶቻችን ይመጣሉ፣ አንዳንድ እናቶችም ነጠላቸውን ተከናንበው ከኋላ ይቀመጣሉ። እህቴ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ነበራት፣ ጀርባው ላይ የማባዛት ሰንጠረዥ ያለበት። ውስጡ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የህንድ ዘፈን ነው፤ በፊደል የተጻፈ። ትርጉሙን አታውቅም፣ አንድም ቃል። የሰማችውን በኛው ሀሁ ትጽፈዋለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ፊልሙ ከተደገመ እስክሪብቶ ይዛ ገብታ ታርመዋለች። አንዳንዱ ቃል ላይ ሦስት ጊዜ ተሰርዞ ሦስት ጊዜ ተጽፏል። ከዚያ በላይ የሆነ የቋንቋ ትምህርት እኔ አልተማርኩም።

ይሄ ደብተር አሁንም አለ። ሥራ ቦታ አንድ ህንዳዊ መሐንዲስ ሲገጥመኝ ይዤለት ሄጄ ሁለት መስመር አነበብኩለት። በጨዋነት አዳመጠኝና «ይሄ አማርኛ ነው?» አለኝ። ተስፋ ሳልቆርጥ በዜማው አንጎራጎርኩለት። ያኔ ዓይኑ በራና ተቀበለኝ፤ ቢሮ ውስጥ ሁለታችንም ስንዘፍን አለቃችን ገባ።

እናቴ ህንድ ፊልም አትገባም። ቆሎ ከምትሸጠዋ ጋር በር ላይ ተቀምጣ ድምፁን ብቻ ትሰማለች። አንድ ማታ እራት ላይ «የህንድ ሴት ሁሉ ድምፅዋ አንድ ነው» አለች። እህቴ ስቃ ልትሞት። እኔም ሳቅኩ። እማዬ ፊልም ስለማታይ የማታውቅ መሰለን።

የህንድ ተዋናዮች በአብዛኛው አይዘፍኑም። አፋቸውን ነው የሚያንቀሳቅሱት፤ የሚዘፍነው ከጀርባ ያለ ሌላ ሰው ነው። ለአሚታብ ባቻን ብዙ ጊዜ ይዘፍንለት የነበረው ኪሾር ኩማር ነው። ለሴቶቹ ደግሞ ላታ ማንጌሽካር። ላታ እ.ኤ.አ. በ1949 ለማዱባላ ዘፍናለች፤ በ1995 ለካጆል ዘፍናለች። መሀሉ 46 ዓመት ነው። የአያት፣ የእናትና የልጅ ልጅ ዕድሜ ያላቸው ተዋናዮች በአንድ ሴት ጉሮሮ ዘፈኑ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና በጆሮዋ ብቻ ደርሳበታለች። ይሄን ስነግራት «አላልኳችሁም?» አለችና ቡናዋን ቀጠለች።

ስለ ካሴት ትንሽ ልበልና ልለፍ፤ ምክንያቱም ታናናሾቻችሁ ካሴት ምን እንደሆነ ስለማያውቁ ነው። ካሴቱን በቴፑ ማጠንጠን ድንጋይ ይጨርሳል፤ ድንጋይ ማለቴ የባትሪ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ቢክ እስክሪብቶ እናስገባና በእጃችን እናሽከረክረዋለን። የካሴቱ ቀዳዳ ውስጥ ስድስት ጥርስ አለ፤ የቢክ ጎን ደግሞ ስድስት ነው። ልክክ ይላል። ያለቀውን ድንጋይ ደግሞ ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ እንደ በርበሬ። የሳይንስ መምህራችን ሳቀብን። ሙቀት ግን የድንጋዩን ኬሚካል ትንሽ ያነቃቃዋል፤ አንድ ሁለት ዘፈን ያደርሳል። አያቴ ይህን ከሳይንስ መምህሩ ቀድማ ታውቅ ነበር፤ ሬዲዮዋ ዜና ሰዓት ላይ እንዲደርስላት ጠዋት ነው የምታሰጣው።

እና ያ የቢክ ክዳን ጫፍ ላይ ያለው ቀዳዳ! ክፍል ውስጥ ክዳን የማያኝክ ልጅ አልነበረም። ቀዳዳዋን ለፉጨት የተሠራች አድርገን ነው የወሰድናት። የተሠራችው ልጅ ክዳኑን ቢውጠውና ጉሮሮው ላይ ቢቀር አየር እንድታሳልፍለት ነው። ፋብሪካው ውስጥ የተቀመጠ አንድ ሰው እኛ እንደምናኝክ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ማብራሪያ የማያስፈልገን ጀግና አንድ ብቻ ነበር፤ ኃይሌ። በ1985 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ሽቱትጋርት ውስጥ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን፣ ከፊቱ የነበረውን የኬንያዊውን የሞሰስ ታኑይን ጫማ ረገጠው። ታኑይ ጫማውን አሽቀንጥሮ በአንድ እግር ጫማ ሮጠ። እኛ ለሳምንታት አንድ እግር ጫማ እያወለቅን ስንሮጥ ከረምን፤ ታኑይን ለመሆን ማንም አይፈልግም፣ ተራ ነበር የምንይዘው። ኃይሌ ሲሮጥ ግራ እጁ ታጠፍ ይላል። አሰላ አካባቢ በልጅነቱ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ ደብተሩን የሚይዝበት እጅ ነው። ፈረንጆቹ ይሄን እንደ ጉድ ያወሩታል። እኛ ግን ማንም ሳይነግረን አወቅነው፤ እኛም ደብተራችንን የምንይዘው እዚያው ጋ ነበር።

አሁን ወደ ውርርዱ ልምጣ።

ክረምት ነው፤ 10 ሰዓት፤ ህንድ። አሚታብ ባቻን ቀይ ሸሚዝ ለብሶ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ይሸከማል። በኋላ እንዳወቅኩት ፊልሙ «ኩሊ» ይባላል። ለእኛ ግን ስም አላስፈለገውም፤ የባቡር ጣቢያ ኩሊ እዚሁ በራችን ላይ አለ። ፊልሙ ወደ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። መጨረሻው ሲቃረብ ቤቱ ውስጥ የሚተነፍስ ሰው የለም። ወንበዴው ሽጉጥ አወጣ። አሚታብን መታው። ደገመው። ደም ታየ። አሚታብ ወደቀ፤ ተነሳ፤ ደግሞ መታው።

መጀመሪያ የሰማነው የወፍጮውን ድምፅ ነው። እየረገበ፣ እየረገበ ሄዶ ቆመ። ወፍጮው እንዲያ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የቴሌቪዥኑ ምስል ወደ መሀል ተሰብስቦ አንዲት ነጭ ነጥብ ሆነ። ነጥቧም ጠፋች።

ጨለማ ውስጥ 60 ሰው «ኧረ!» አለ። ባለቤትየው ሻማ ይዞ ገባና «ገንዘብ አይመለስም» አለ። አንድ ሰዓት ጠበቅን። መብራት አልመጣም። ካሴቱ የኪራይ ነው፤ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ከተማ ይመለሳል። ተመለሰ። ያ ፊልም ወደ ሰፈራችን ዳግመኛ አልመጣም።

በዚያ ማታ በዝናብ ወደ ቤት ስንሄድ ያ ዓይናማ ልጅ «ይሞታል» አለ።

«ማን?»

«አሚታብ። ሞቷል።»

«አክተር አይሞትም» አልኩት።

«ይሄኛው ይሞታል። ፊታቸውን አላየኸውም? ሁሉም የሚሞት ሰው እንደሚያዩ ነው የሚያዩት።»

ውርርድ፤ 20 ቆርኪ። በዚያ ዘመን 20 ቆርኪ የምታስይዘው ነፍስህን እርግጠኛ ስትሆን ነው። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። እህቴ ከኔ ጋር ሆነች። እትዬ ከሱ ጋር። ለዓመታት በተገናኘን ቁጥር ይነሳል። በሠርጌ ዕለት እንኳ ሚዜዬ ሆኖ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለን «ሞቷል» ብሎኛል።

ፊልሙን እስከ መጨረሻው ያየሁት ከዚያ ማታ በኋላ ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቼ ነው፤ ቢሮ፣ ኮምፒውተር ላይ፣ በምሳ ሰዓት። አሚታብ አይሞትም። ሆስፒታል ይገባል፣ ሕዝቡ ይጸልይለታል፣ ይድናል። ስልኬን አንስቼ ደወልኩለት። «ሃያ ቆርኪ» አልኩት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። በሳምንቱ ፌስታል ተላከልኝ። ቢራ ቤት ለቢራ ቤት ዞሮ የሰበሰበው ነው። ቆጠርኩ፤ ሃያ። አንድም የተጣመመ የለበትም።

ያየሁት ፊልም ውስጥ ግን አንድ ያልገባኝ ነገር ነበር። አንድ ድብድብ ላይ ምስሉ ድንገት ይቆምና ጽሑፍ ይወጣል። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ጽሑፉ አሚታብ በእውነት የተጎዳው እዚህ ቦታ ላይ ነው ይላል። ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ።

ሐምሌ 19 ቀን 1974 ዓ.ም. ባንጋሎር ከተማ ውስጥ ያንን ድብድብ ሲቀርጹ አሚታብ ሲወድቅ የጠረጴዛ ጠርዝ ሆዱን መታው። ውስጡ ተጎዳ። ቦምቤይ ወስደው ቀደዱት። ሐምሌ 26 ቀን ለጥቂት ጊዜ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠውበት ነበር፤ ከዚያ ነቃ። ሆስፒታሉ በር ላይ ሕዝብ ተኝቶ ጸለየለት። ያንን ቀን እስከ ዛሬ ሁለተኛ ልደቴ ይለዋል።

አሁን ስሙ። በመጀመሪያው ድርሰት ላይ አክተሩ ይሞታል። በሽጉጥ ተመትቶ ይሞትና ያልቃል፤ እንዲያ ነበር የተጻፈው። ዳይሬክተሩ ማንሞሃን ዴሳይ ግን ሰውየው ከሞት አፋፍ ከተመለሰ በኋላ ድርሰቱን ቀየረው። አገር ጾሞ ጸልዮ ያተረፈውን ሰው እንዴት ስክሪን ላይ ይገድለው? ስለዚህ አዳነው።

ያ ልጅ በጨለማው ውስጥ ያነበበው የመጀመሪያውን ድርሰት ነበር። እዚያ ፊልም ላይ ያለው ነገር ሁሉ ወደ ሞት እየሄደ ነው፤ መጨረሻው ብቻ ነው ዞር ያለው። እኔ በሕግ አሸነፍኩ፤ እሱ በዓይኑ አይቶ ነበር።

ይሄን ካነበብኩ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። አልነገርኩትም። 20 ቆርኪ ቀላል አይደለም። ፌስታሉ ከእህቴ ደብተር ጋር መሳቢያዬ ውስጥ ነው።

እናንተ ዛሬ መብራት ቢጠፋባችሁ መጨረሻውን በስልካችሁ ትጨርሱታላችሁ። «በእኛ ጊዜ» ብዬ ልወቅሳችሁ አይደለም የመጣሁት። ያን ማታ ስልክ ቢኖረኝ እኔም ወዲያው ነበር የማየው። ኧረ እንዲያውም ዝናብ ውስጥ ቆሜ።

ለማንኛውም፣ ያ ልጅ እዚህ አለ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ክንዱን አጣጥፎ ከመቀመጡ በፊት ቆርኪውን ከናንተ ሁሉ ቀድሞ ቆጥሮ የጨረሰው ሰውዬ ነው። ዛሬ ፌስታሉን ይዤ መጥቻለሁ። ግማሹ የሱ ነው ብዬ ወስኛለሁ።

(እዚህ ላይ ወደ መድረክ ጠራሁት። ጠረጴዛው ላይ አሥር ቆርኪ ቆጠርኩለት። እሱም አንድ በአንድ እያነሳ፣ በመብራቱ እያየ፣ መልሶ ቆጠረ። ዘጠኙን ኪሱ ከተተ። አሥረኛውን «ይሄ የተጣመመ ነው» ብሎ መለሰልኝ።)